አባት ለሌላቸው ልጆች ከደብተር በፊት ሰው ይመደብላቸው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በጋዜጣችሁ ከማነባቸው ዜናዎች አንዱ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች አባት ለሌላቸው ልጆችና ለችግረኛ ልጃገረዶች ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ቦርሳና የደንብ ልብስ ማከፋፈላቸው ነው። ዜናው ደስ ያሰኘኛል። እኔም በአንድ አነስተኛ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ሳገለግል የእነዚያን ደብተሮች ደረሰኝ ስመዘግብ ዓመታት የቆየሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹን ከሚያስጠኑትና ከሚመክሩት አንዷ የሆንኩ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእነዚህ ዓመታት ያየሁትን አንድ ጉዳይ ለረጂዎችም፣ ለድርጅቶችም፣ ለከተማችን ነዋሪዎችም ለማሳሰብ ነው። ልጆቹ ደብተሩ ያስፈልጋቸዋል፤ ከደብተሩ በበለጠ ግን ዓመት ከዓመት የማይለያቸው አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

በእኛ አገር ልጅ ስሙን በጻፈ ቁጥር የአባቱን ስም አብሮ ይጽፋል። መምህሩ ስም ሲጠራ፣ ለፈተና ሲመዘገብ፣ የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ አባቱ አብሮት ይጠራል። አባቱን በሞት ያጣው፣ አባቱ ጥሎት የሄደው ወይም ከናካቴው የማያውቀው ልጅ ይህን ስም በየቀኑ ይሸከማል፤ አንዳንዱም በአያቱ ስም ነው የሚጠራው። በዚህ ላይ ወንዱ ልጅ ትንሽ ባጠፋ ጊዜ «ሴት ያሳደገው» የምትለው ስድብ ትጠብቀዋለች። ልጁን ብቻ ሳይሆን ሌት ተቀን ለፍታ ያሳደገችውን እናቱን ጭምር የምታዋርድ ናትና፣ ይህችን ስድብ ከአፋችን ብናወጣት ራሱ አንድ እርዳታ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ቅዳሜ ለጥናት መጥቶ ደብተሩን ሲገልጥ፣ ጽሑፉ ከዘጠኝ ቀን በፊት በተጻፈ ቀን ላይ ቆሞ ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነበር። ደብተሩ እኛ መስከረም ላይ የሰጠነው ነው። ቀስ ብለን ስንጠይቀው ነገሩ ወጣ፤ በዚያችው ስድብ ምክንያት ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ «ወላጅ ይዘህ ና» ተብሏል። እናቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ በማጽዳት ነው የምታድረው፤ አንድ ቀን ከቀረች የዚያን ቀን እንጀራ የለም። ስለዚህ ልጁ አልነገራትም። በየጠዋቱ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከቤት ይወጣና ከሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ እሱም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከመካሪዎቻችን አንዱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሰኞ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ልጁን በባጃጅ ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። ዩኒት ሊደሩ «ምኑ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቃቸው «እንደ አባቱ ቁጠረኝ፤ ሲያጠፋም እኔን ጥራኝ» አሉት። ልጁ በዚያው ዕለት ክፍል ገባ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ለባጃጁ የተከፈለው ገንዘብ በእኔ መዝገብ ላይ ከአንድ ደርዘን ደብተር ዋጋ ያነሰ ነበር።

የልጃገረዶቹ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በገጠር ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ቢኖራትም፣ በሬ ጠምዶ ማረስ በባህሉ የወንድ ሥራ ስለሆነ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቱ ከፊሉን ብቻ ታገኛለች። ጎተራው ሲጎድል ወንዱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ዕርፍ ይጨብጣል ወይም የሰው ከብት ሊጠብቅ ይቀጠራል፤ ሴቷ ደግሞ ወይ ትዳራለች፣ ወይ «ትማሪያለሽ» ተብላ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ትላካለች። ዘመድ ቤት የተላከችው ብዙ ጊዜ ሳትማር ጓዳ ትቀራለች። ዕድል ቀንቷት ሁለተኛ ደረጃ የገባችውም ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ከቤቷ በሚላክላት ስንቅ ነው የምትማረው፤ ስንቁ ሲያልቅ፣ አከራዩ ሲያስቸግራት፣ የወር አበባዋ መጥቶ ከክፍል ስትቀር የምትነግረው ትልቅ ሰው አጠገቧ የለም። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ ግን እናትየዋ ብቻዋን ናት። በእነዚህ የጦርነትና የግጭት ዓመታት አባት ያጡ ልጆችና የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሲጨመሩበት ሸክሙ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ያውቀዋል።

መካሪ የሚያመጣው ለውጥ በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው በሞሰቦ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በሴት መካሪዎች የሚመራ ቡድን ነበራቸው፤ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸው፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ውይይት ይደረግ ነበር፤ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብም ፍየል ይሰጥ ነበር። በመጨረሻ ሲታይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው 3 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ የመዳር ዕድላቸው ግን የእነዚያ እኩዮቻቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጋብቻውን አላስቀረም። እኔ ከዚህ የምረዳው መካሪ የሚመደበው ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ከደረሰች በኋላ ሳይሆን ገና አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሳለች መሆን እንዳለበት ነው። «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ባሕር ዳርን ጨምሮ በከተሞች ሲሠራ፣ ሴት መካሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ጓዳ ውስጥ የተደበቁ ልጃገረዶችን ይፈልጉ፣ ከአሠሪዎቻቸውም ጋር ተነጋግረው ፈቃድ ያስገኙላቸው ነበር። ደብተር ማደያው ቦታ ድረስ ልትመጣ የማትችለዋን ልጅ ማግኘት የሚቻለው እንዲህ ነው።

አንዳንድ ረጂዎች ለመካሪ የሚወጣን ገንዘብ «የአስተዳደር ወጪ» ነው እያሉ ይሸሹታል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥ በሚለው ጣሪያ ሥር የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ይቆጠር ስለነበር፣ እኛ የሒሳብ ሰዎች ለሰው የሚወጣን ብር መፍራት ለምደን ነበር። አሁን ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። ልጅን ማስጠናትና መምከር ደግሞ ራሱ የፕሮጀክቱ ሥራ ነው። ስለዚህ በጀት ሲቀነስ በመጀመሪያ የመካሪዎቹን የትራንስፖርት አበል መሰረዝ ልማዳችን እንጂ ሕጉ የሚያስገድደን አይደለም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑንም ላስታውስ። የክርስትና አባት ያለው፣ የጡት ልጅ የሚያሳድግ ሕዝብ ነን። አባቶቻችን የሌላውን ልጅ «ልጄ» ሲሉ ለአንድ መስከረም አልነበረም። ዛሬም ረጂ ልጅ ሲረከብ 12ኛ ክፍል እስክትጨርስ ድረስ ብሎ ቢረከብ፣ የማይችለውም ገና ከመነሻው ቁጥሩን ቀንሶ ጥቂት ልጆችን ይዞ ቢዘልቅ እመርጣለሁ። በዓመቱ የተተወ ልጅ ሁለተኛ አባት እንደሞተበት ነው የሚቆጥረው፤ ይህን ከልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ። ለልጃገረዶች የሚመደቡት ሴቶች ይሁኑ። መካሪ ሁሉ ጠባዩ ተጣርቶ፣ ከልጁ ጋርም ሰው በሚያየው ቦታ ብቻ ይገናኝ፤ አባት የሌላት ልጅ ለክፉ ሰው የተጋለጠች ናትና በዚህ ማንንም ይሉኝታ ሊይዘው አይገባም። እርዳታ ሲሰጥም ልጆቹን በካሜራ ፊት አሰልፎ ችግራቸውን ማስነገር ይቅር። ሰኞ ክፍል ሲገቡ የሚጠብቋቸው ያንኑ ምስል ያዩ የክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው።

ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር አለ። መስከረም ላይ የደብተር እደላውን የዘገባችሁለትን ድርጅት እባካችሁ ሰኔ ላይ ተመልሳችሁ ጠይቁልን፤ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ፈተና ተቀመጠ? ያልተቀመጠውንስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያየው ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ