እማዬ፣ በር ላይ አስጠብቂያቸው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሊድስ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። ትንሿ ልጄ «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች።

በር እያንኳኩ ስለሚያታልሉ ሌቦች በስልክ ሳነሳብሽ ቶሎ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ትዪኝና ወሬውን ወደ ልጆቹ ታዞሪዋለሽ። ስለዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቡናሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የማኅበር ጓደኛሽ ላይ የደረሰውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ወጣት መጥቶ በራቸውን አንኳኳ። «ከውሃ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ መንገዱ ላይ ቧንቧ ፈንድቷል፤ ውሃዎ ተበክሎ እንደሆነ ልይልዎት» አላቸው። አስገቡት። ወጥ ቤት ወስዶ ቧንቧውን አስከፈታቸውና ቀለሙ እስኪጠራ እያዩ እንዲጠብቁ ነገራቸው። እሳቸው ውሃውን ሲያዩ ሌላ ሰው ክፍት በቀረው በር ገብቶ መኝታ ቤታቸውን በረበረ። ወጣቱ አመስግኗቸው ወጣ። የሰርግ ሀብላቸውና ገና የደረሳቸው የዕቁብ ገንዘብ መጥፋቱን ያወቁት ማታ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ለፖሊስ አለመናገራቸው ነው። «በሩን የከፈትኩት እኔ፣ ግባ ያልኩት እኔ፤ ማንን እከሳለሁ?» አሉ ብለሽኛል። እማዬ፣ እባክሽ ይህን ንገሪልኝ። በዚህ አገር፣ በእንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የስርቆት ሕግ መሠረት ዋሽቶና አታልሎ «ግባ» የተባለ ሌባ ፈቃድ እንዳገኘ አይቆጠርም። መስኮት ሰብሮ ከገባው ጋር የሚከሰሰው በአንድ ወንጀል ነው። ጥፋቱ የእሱ እንጂ የእሳቸው አይደለም። ፖሊሶችም ይህን ዓይነቱን ሌብነት ያውቁታል። አንድ ሰፈር ውስጥ ደጋግመው የሚሠሩ ስለሆነ የአንዱ ጥቆማ ከሌላው ጋር ይገጣጠማል። አሁንም አልረፈደም። አስቸኳይ ላልሆነ ነገር የፖሊስ ቁጥሩ 101 ነው።

ምናልባት የፈሩት ሌላም ነገር ይኖራል። ብዙ እናቶች «ገንዘቡ ከየት መጣ ብለው ፔንሽን ክሬዲቴን፣ መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ጡረተኛ የሚሰጠውን ድጎማ፣ ያቋርጡብኛል» ብለው ዝም ይላሉ። ለፔንሽን ክሬዲት እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ያለ ቁጠባ አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ቢሆንም እንኳ ክፍያው ይቀንሳል እንጂ ስለተሰረቀብሽ አትቀጪም። ዕቁብም የተከለከለ ነገር አይደለም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሌባ በሰላም እንዲሄድ መፍቀድ አንጀቴን ያቃጥለዋል።

አንቺ «እኔ እንኳን አልታለልም» ትያለሽ። ጓደኛሽም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ጨዋነትን ነው። አንዱ ያወራሻል፣ ሌላው ይሰርቅሻል። አንዲት ሴት መጥታ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ውሃ ስጪኝ፣ ሽንት ቤት ልጠቀም» ትላለች። አንዱ «ድመቴ ጓሮሽ ገባችብኝ» ይልሻል፤ ከእሱ ጋር ጓሮ ስትፈልጊ የፊት በሩ ክፍት ነው። ሌላው ለጎረቤት መልእክት ልተው ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይለምናል። አንቺ ዘወር እስክትዪ ነው የሚፈልጉሽ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገንዘብሽ የት እንዳለ ራስሽ እንድታሳዪያቸው የሚያደርጉት ነው። «ከመብራት ነን፤ ተመላሽ 10 ፓውንድ አለሽ፤ ለ50 መልስ ይኖርሻል?» ይላሉ። አንቺ መልስ ልታመጪ ስትሄጂ ዓይናቸው ይከተልሻል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ሰው ከሄደ በኋላ «ፖሊስ ነን፤ ሌባውን ያዝነው፤ የጎደለብሽ ነገር ካለ እንይ» የሚሉ ሌሎች ይመጣሉ። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ደበቀበት ቦታ ነው። እነሱም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

አስተዳደግሽን አውቃለሁ። በእናንተ ቤት ደጅ ላይ የቆመ ሰው ሳይቀመጥ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ አይመለስም ነበር። እኛንም ያሳደግሽን በዚያው ነው። ያንን እንድትተዪ አልጠይቅሽም። ለምታውቂው ሰው በርሽ እንደወትሮው ክፍት ይሁን። የማታውቂው ሰው ግን ውጭ ይቆይ። ነውር እንዳይመስልሽ። እውነተኛው ሠራተኛ በር ላይ መጠበቅ ለምዷል። የላከው መሥሪያ ቤት ራሱ ደንበኞቹን «መታወቂያውን ሳታጣሩ አታስገቡ» ይላል። ዝናብ ላይ ቢቆምም ይቆማል። የሚቆጣ፣ የሚያጣድፍ፣ «አሁኑኑ ካላየሁት ቤቱ ይጥለቀለቃል» እያለ የሚያስፈራራሽ ከሆነ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው።

እንግዲህ በሩ ሲንኳኳ እንዲህ አድርጊልኝ። መጀመሪያ የጓሮውን በር መቆለፉን እዪ። እኔ ሁልጊዜ የምፈራው ያንን በር ነው፤ ልብስ ልታሰጪ ወጥተሽ ሳትቆልፊው ትገቢያለሽ። ከዚያ በሰንሰለቱ በኩል ብቻ አነጋግሪው። መታወቂያውን ተቀበይና በሩን መልሰሽ ዝጊ፣ አዎ ፊቱ ላይ ዝጊው። ስልክ ስትደውዪ መታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር እንዳትጠቀሚ። የሐሰት መታወቂያ የሠራ ሰው የሐሰት ቁጥርም ይጽፍበታል። በየወሩ የሚመጣልሽ የቢል ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ደውዪ። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነኝ ካለሽ ደግሞ 105 በነጻ ይሠራል፤ የሰፈርሽን የመብራት መስመር ከሚያስተዳድረው ድርጅት ጋር ያገናኝሻል። ይህ ሁሉ ካደከመሽ አንድ ነገር ብቻ በያቸው፤ «ኖት ቱዴይ»፣ ዛሬ አይሆንም። ልጄ ስትኖር ተመለሱ በያቸው። ሌላ ማብራሪያ አይገባቸውም።

ፖሊስ ነኝ የሚልም ቢሆን ይጠብቅ። ስሙንና ቁጥሩን ጠይቂውና 101 ደውለሽ አጣሪ። አልሄድም ብሎ በሩን ቢደበድብ ወይም ቢያስፈራሽ የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ 999 ነው። እንግሊዝኛው ከጠፋብሽ «አምሃሪክ» በያቸው፣ በስልክ አስተርጓሚ ያመጡልሻል። አድራሻሽን ግን በእንግሊዝኛ መናገር ልመጂ። ትልልቅ አድርጌ ጽፌ ስልኩ አጠገብ እለጥፍልሻለሁ።

አንድ የወደድኩት ነገር አግኝቻለሁ። የውሃ፣ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶች «ፕራዮሪቲ ሰርቪስስ ሬጅስተር» የሚሉት መዝገብ አላቸው። በጡረታ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው በነጻ ይመዘገባል። ስትመዘገቢ የሚስጥር ቃል ትመርጫለሽ። ከእነሱ የመጣ ሰው ያንን ቃል ካልነገረሽ አይገባም፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ መከራከር የለ፣ መታወቂያ መመርመር የለ። ቃሉን ስመጣ አብረን እንመርጣለን። እዚህ አልጽፈውም።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል፤ ግን ልበለው። በር ላይ ያለው ሰው በአማርኛ ቢያናግርሽም ያው ነው። «እማማ፣ የአገርዎ ልጅ ነኝ» ሲልሽ ልብሽ እንደሚቀልጥ አውቃለሁ። ለብቻሽ ስትውዪ አማርኛ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። አብዛኛው የአገራችን ልጅ ደግ ነው። ደግ ከሆነ ግን «ልጄ ትወቅ፣ ነገ ና» ስትዪው አይከፋውም። በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ በማኅበር በኩል፣ ሰው በሚያውቀው ሰው በኩል ይምጣ። ስሜን ጠርቶ «ልጅሽ ናት የላከችኝ» ቢልሽም ሰው የምልክ ከሆነ ቀድሜ እደውልልሻለሁ። ካልደወልኩ አልላክሁም።

ስለ ጣሪያ ሠሪዎቹ ብዙ አልልም። «ጎረቤት ጋ ስንሠራ ጣሪያሽ ላይ የተነቀለ ነገር አየን» የሚሉሽን ሰዎች አትስሚያቸው። የአንቺ ቤት የካውንስል፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ነው፤ የሚጠግነው ካውንስሉ ነው። ይህን ለቤት ባለቤቶቹ ጓደኞችሽ ንገሪልኝ፤ ቤት ድረስ መጥቶ ከ42 ፓውንድ በላይ የሆነ ሥራ ያዋዋለ ነጋዴ ለመሰረዝ 14 ቀን እንዳላቸው በጽሑፍ ሊነግራቸው በሕግ ይገደዳል። ቦርሳ ተሸክመው ካልሲና መወልወያ የሚሸጡት ልጆችም አሳዝነውሽ እንደምትገዢያቸው አውቃለሁ። ከቤት ቤት እየዞረ የሚሸጥ ሰው እ.ኤ.አ. በ1871 በወጣው ሕግ መሠረት ከፖሊስ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት አለበት። አንዳንዶቹ የሚመጡት ማን ብቻውን እንደሚኖር ለማየት ነው። ካሳዘኑሽ እዘኝላቸው፣ ቦርሳሽን ግን ፊታቸው አትክፈቺ።

የስልኩ ነገር ግን ይለያል፤ መጨረሻው እዚያው በር ላይ ነውና ልብ በዪልኝ። «ከፖሊስ ነው፤ የባንክሽ ሠራተኞች እየሰረቁሽ ነው፤ ገንዘብሽን አውጥተሽ አስረክቢን፤ ለማንም እንዳትናገሪ» የሚል ሰው ይደውላል። «ካላመንሽ ዘግተሽ 999 ደውዪ» ይልሻል። የቤት ስልክ ከሆነ መስመሩን ሳይዘጋ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ ያኔ የምታናግሪው ጓደኛውን ነው። ከዚያ መልእክተኛ በርሽ ድረስ መጥቶ ገንዘቡን ወይም ካርዱን ይወስዳል። ፖሊስም ባንክም እንዲህ አያደርጉም። በፍጹም። ገንዘብ አውጪ አይሉሽም፣ የሚስጥር ቁጥርሽን አይጠይቁሽም፣ ካርድሽን የሚወስድ ሰው አይልኩብሽም። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ዝጊው፤ በሞባይልሽ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ 159 ደውዪ። አብዛኞቹ ትልልቅ ባንኮች በዚያ ቁጥር ይገኛሉ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ተታሎ በባንክ ገንዘብ ያስተላለፈ ሰው በአብዛኛው እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ ባንኮቹ እንዲመልሱለት ይገደዳሉ። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ግን በዚህ ደንብ አይሸፈንም።

ስለዚህ እባክሽ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ቤት አታሳድሪው። ሰብሳቢዋ ወደ ባንክሽ ታስገባልሽ። ወርቁን በተመለከተ ግን አልጫንሽም። አባዬ የሰጠሽ ነው፤ አጠገብሽ እንዲሆን የምትፈልጊበትን ምክንያት አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ በአንድ ፎቶ እናንሳው፤ ምናልባት ቢጠፋ ፖሊስ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ፍራሽ ሥር፣ የሩዝ ጣሳ ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ የሚሉትን ቦታዎች ደግሞ ሌቦቹ ከእኛ በላይ ያውቋቸዋል።

ይህን ሁሉ ጠብቀሽም ቢሆን ያመልጥሽ ይሆናል። አንድ ቀን ደክሞሽ፣ ጉልበትሽ አሞሽ፣ በሩን ዝም ብለሽ ትከፍቺው ይሆናል። ያን ቀን ለእኔ ለመናገር አትፈሪ። አልቆጣሽም። «ብቻሽን መኖር የለብሽም» ብዬም አላስቸግርሽም። ቤትሽን፣ ጎረቤቶችሽን፣ ቤተ ክርስቲያንሽን እንደምትወጂ አውቃለሁ። ብዙ ወላጆች የደረሰባቸውን ከልጆቻቸው የሚደብቁት ነጻነታቸውን የሚነጠቁ እየመሰላቸው ነው። እኔ የምፈልገው በዚያው ቤትሽ ሳትሰጊ እንድትኖሪ ብቻ ነው።

ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። የውሃና የመብራት ቢሎቹን ጠረጴዛው ላይ አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ ደውለን እናስመዘግብሻለን። የበሩ ሰንሰለት ስለላላ አዲስ እንዲገጥሙልሽ ካውንስሉን ጠይቄያለሁ። ጓደኛሽንም ከሰዓት በኋላ ቡና ጥሪያቸው። ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን 101 እንደውላለን፤ እኔ አስተረጉምላቸዋለሁ። የሀብሉ ፎቶ ካላቸው፣ የሰርጋቸውም ቢሆን፣ ይዘውት ይምጡ።

ናፋቂ ልጅሽ