ተጠያቂውስ መቼ ይዘጋጃል?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጠኞች ሳይዘጋጁ ማይክ ይዘው ይመጣሉ የሚለውን ወቀሳ በየመድረኩ እንሰማለን። ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ከማይኩ ማዶ የሚቀመጠው ኃላፊ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የማኅበር ተወካይ ምን ያህል ተዘጋጅቶ እንደሚቀርብ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላየሁም። በሕዝብ ግንኙነት ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ ስለዚህኛው ወገን ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዝግጅት የሚባለው ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በደብዳቤ ማስላክ ነው። ጥያቄዎቹ ለየክፍሉ ይመራሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከሩብ ዓመት ሪፖርቱ ቆንጥሮ ይልካል፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይገጣጥመዋል፤ ኃላፊውም ካሜራ ፊት ያነበዋል። ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ ቢያውቅ እንኳ ሲያነብ የማያውቅ ይመስላል፣ ጋዜጠኛው ከወረቀቱ ውጪ አንዲት ተከታይ ጥያቄ ካነሣ ደግሞ «በትኩረት እየተሠራ ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚሉት ይደረደራሉ።

በቅርቡ አንድ ጠዋት በሬዲዮ የሰማሁትን ላንሣ። ጋዜጠኛዋ የጠየቀችው በአንድ ሰፈር የውኃ ፈረቃው በየትኛው ቀን እንደሚውል ነበር። ኃላፊው ስለ ፍላጎትና አቅርቦት አለመጣጣም፣ ስለ ከተማዋ መስፋፋት፣ ስለተቆፈሩት ጉድጓዶች ሲዘረዝሩ ሰዓቱ አለቀ። ባዶ ጀሪካን አስቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው ግን የፈለገው ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ማወቅ ብቻ ነው። ቀኑ ባይታወቅ እንኳ አለመታወቁን፣ ምክንያቱንና እስከዚያው ውኃ በቦቴ ይቅረብ አይቅረብ መናገር ይቻል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ከስቱዲዮ በፊት ወደ ቅርንጫፉ አንድ ስልክ መደወል ነው።

መልስ ጽፎ ከማጥናት ይልቅ የሚጠቅመው ቃለ መጠይቁ ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ይመስለኛል። በቀጥታ ይተላለፋል ወይስ ተቀርጾ ይቆረጣል? ለዜና ከሆነ ከአንድ ሰው የሚወሰደው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይዘልም፤ ስለዚህ ዋናውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያልተናገረ ሰው የሚተላለፍለት መግቢያው ነው። «ቀደም ሲል እንደገለጽኩት» ብሎ የጀመረ መልስ ለብቻው ተቆርጦ ትርጉም ስለማይሰጥ አርታኢው ይጥለዋል። የጠያቂው ድምፅ ተቆርጦ በሚወጣበት ዝግጅት «አዎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» የሚል መልስም ከንቱ ነው፤ «የመስመሩ ጥገና በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል» ሲባል ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። አኃዝም እንዲሁ ነው፤ «ከፍተኛ ለውጥ» ከማለት ከስንት ወደ ስንት እንደደረሰ ይዞ መምጣት ይሻላል። ከውጭ አገር ዘጋቢ ጋር የሚነጋገር ሰው ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ «ጠዋት 2 ሰዓት» ሲልም የእኛን አቆጣጠር ማለቱ እንደሆነ ካላብራራ፣ ስህተቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ማስተባበያ መጻፍ ሊመጣ ነው። ማይኩ ከጠፋ በኋላ ብዙ ተናግሮ «ይህን እንዳትጽፈው» ማለትም አያዋጣም፤ የማይጻፍ ነገር ካለ ስምምነቱ ከመናገር በፊት ነው።

በአስቸጋሪ ቀን እንዴት እንደሚነገር ሳስብ የማነሣው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም ስፍራው ድረስ ሄዱ፤ በዚያው ዕለትም ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። በሕይወት የተረፈ አለመኖሩን፣ አብራሪው ችግር ገጥሞት ለመመለስ ጠይቆ እንደተፈቀደለት ተናገሩ፤ ስለ መንስኤው ግን የግምት ፍርድ አልሰጡም። የታወቀውን ካልታወቀው መለየት በዕለቱ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቀን ማን እንደሚናገርና እስከ የት እንደሚናገር ቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት። አደጋ በሌለበት ተራ ቀን እንኳ ተናጋሪ የማይገኝባቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

«በተደጋጋሚ ብንደውልም ስልካቸው ባለመነሳቱ ምላሻቸውን ማካተት አልቻልንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጋዜጦች ላይ የበዛው በእኛው ጥፋት መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም ዘጋቢዎቻችሁ ሲደውሉ ጉዳዩን፣ ጽሑፉ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ከማን ጋር መነጋገር እንደሚፈልጉ በአንድ አጭር መልእክት ጭምር ቢልኩልን፣ ስብሰባ ላይ ያለው ኃላፊ ለሰዓቱ እንዲደርስ ለማድረግ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ብዙ ያግዘናል። ዝርዝር ጥያቄውን መላክ አያስፈልግም፤ ብትጠየቁም ባትልኩ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ