«አይመቸንም» ከማለታችን በፊት

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፦

አርሴናል ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ሊጫወት ሳምንት ሲቀረው የስፖርት ገጾቻችንና የሬዲዮ ፕሮግራሞቻችን «ሲቲ ለአርሴናል የማይመች ቡድን ነው» ይላሉ፤ ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደተገናኙና ስንት ጊዜ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ደጋፊው ይህንኑ ይዞ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል፤ ገና አንድ ኳስ ሲበላሽ «አላልኩም? እነዚህ አይመቹንም» ማለት ይጀምራል። የሚጠቀሰው ቁጥር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ችግሩ ሳይዘረዘር በጅምላ መቅረቡ ነው። ገጻችሁ የቅድመ ጨዋታ ዘገባውን ከጅምላ እንዲያወጣው ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርሴናል ከኖቬምበር 2017 እስከ ኤፕሪል 2023 በፕሪሚየር ሊጉ ከሲቲ ጋር 12 ጊዜ ተጫውቶ 12ቱንም ተሸንፏል። 5 ጎል አግብቶ 33 ተቆጥሮበታል። ይህን ብቻ ያነበበ ደጋፊ ጦስ አለብን ቢል አይፈረድበትም። ግን እነዚህን ጨዋታዎች የተሸነፈው አንድ ቡድን አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአርሰን ቬንገር ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የኡናይ ኤምሪ፣ አምስተኛው በጊዜያዊነት የያዘው የፍሬዲ ሊዩንግበርግ፣ የቀሩት ሰባቱ የሚኬል አርቴታ። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ጨዋታ በቋሚ አሰላለፍ የነበረው ግራኒት ዣካ ብቻ ነው። የሌሎቹን አሥር ተጫዋቾች ሽንፈት ለአዲሶቹ አሥር ማውረስ ምን ይጠቅማል?

ከዚያ የደረጃ ሠንጠረዡን አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ2017/18 ሲቲ 100 ነጥብ ሲሰበስብ አርሴናል 63 ነበረው። በቀጣዩ ዓመት 98 ለ70፣ ከዚያ 81 ለ56፣ 86 ለ61፣ 93 ለ69። በአምስት የውድድር ዘመን ውስጥ ልዩነቱ ከ24 ነጥብ ያነሰበት ጊዜ የለም። በዚህን ያህል የሚበልጥህ ቡድን ደጋግሞ ቢያሸንፍህ አቅሙ ነው፤ ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልገውም። ምርመራ የሚገባው የ2022/23 ብቻ ነው፤ ያኔ 89 ለ84 ነበር የጨረሱት፤ ሆኖም አርሴናል ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፏል።

በኤፕሪል 2023 በሲቲ ሜዳ በኤቲሃድ የተደረገውን ጨዋታ ጠጋ ብለን እንየው። የአርሴናሉ ተከላካይ ዊልያም ሳሊባ ጀርባውን ተጎድቶ ከማርች ጀምሮ አልነበረም፤ ቦታውን የያዘው ሮብ ሆልዲንግ ነው። ሲቲ የአርሴናልን ጫና ለመሸሽ በአጭር ቅብብል አልተጨናነቀም፤ ጆን ስቶንስ ከኋላ በቀጥታ ወደ ኤርሊንግ ሃላንድ ላከ፣ ሃላንድ ሆልዲንግን በጀርባው ገፍቶ ኳሱን ያዘ፣ ከጎኑ ለሚሮጠው ኬቨን ዲብሮይን አቀበለ፣ በ7ኛው ደቂቃ ጎል ሆነ። በዚያ ምሽት መንገዱ ይኸው ነበር፤ ውጤቱም 4 ለ1። ከዚህ ጨዋታ በፊት «ሳሊባ የለም፣ ሃላንድን ማን ይይዘዋል?» ብሎ የጠየቀ ዘገባ ከመቶ ዓመት የግንኙነት ታሪክ ይበልጥ ለደጋፊው ይጠቅመው ነበር።

ከ12ቱ ጨዋታዎች በእርግጥ የሚደጋገም ነገር ከተፈለገ ሁለት አለ። አንዱ መጀመሪያ ላይ የሚገባ ጎል ነው። ኦገስት 2018 ስተርሊንግ በ14ኛው ደቂቃ፣ ፌብሩዋሪ 2019 አጉዌሮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 2019 ዲብሮይን በ2ኛው፣ ፌብሩዋሪ 2021 ስተርሊንግ እንደገና በ2ኛው፣ ኦገስት 2021 ጉንዶጋን በ7ኛው፣ ኤፕሪል 2023 ዲብሮይን በ7ኛው። ከ12 ጨዋታ በስድስቱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ 1 ለ0 መመራት ማለት ነው። ሲቲን እየተመሩ ማሳደድ ደግሞ መስመርን ወደ ፊት መግፋትን፣ ከኋላ ባዶ ሜዳ መተውን ያስከትላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎል የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላው ቀይ ካርድ ነው። በአርቴታ ሰባት ሽንፈቶች ውስጥ ሦስት ጊዜ ቡድኑ በጎዶሎ ጨርሷል፦ ዴቪድ ሉዊዝ በጁን 2020፣ ዣካ በኦገስት 2021፣ ጋብሬል በጃንዋሪ 2022። ይህ ሦስተኛው ያንገበግባል። አርሴናል በሳካ ጎል እየመራ ነበር፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቶበት 1 ለ1 ሆነ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጋብሬል ወጣ፤ ሮድሪ በባከነ ሰዓት ጨረሰው። የመሸነፊያው መንገድ እንዲህ ከታወቀ ደጋፊ የሚከታተለው ነገር ያገኛል፦ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እንዴት አለፈ፣ ቢጫ ያየው ተከላካይ ማነው፣ አሠልጣኙስ ቀድሞ ይቀይረዋል ወይ?

ያ ተከታታይ ሽንፈት የተቋረጠበት የኦክቶበር 8፣ 2023 ጨዋታም ይህንኑ ያሳያል። ሮድሪ በቅጣት አልነበረም፤ በአርሴናል በኩል ዴክላን ራይስ አዲስ ገብቷል። ራይስ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጎል ሊሆን የነበረ ኳስ ከመስመር ላይ አወጣ፤ የተለመደው ቀደምት ጎል ሳይቆጠር ቀረ። ጨዋታው ተዘጋግቶ ቆየ። በ86ኛው ደቂቃ ፓርቴይ ረጅም ኳስ ላከ፣ ቶሚያሱ በጭንቅላት አወረደ፣ ሃቨርትዝ አመቻቸ፣ ማርቲኔሊ መታ፣ ኳሱ የሲቲውን ተከላካይ አኬን ነክቶ ገባ። አራቱም የአርሴናል ተጫዋቾች ተቀይረው የገቡ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ባሉት አራት የሊግ ግንኙነቶች 0 ለ0፣ 2 ለ2፣ 5 ለ1 እና 1 ለ1 ወጡ፤ አርሴናል አልተሸነፈም። ጠንካራ አማካይና የተረጋጋ የኋላ መስመር ሲገኝ «የማይመቸው» ቡድን ተራ ተጋጣሚ ሆነ።

በእውነት የማይመች ቡድን የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲቲ ራሱ ነው። ቶተንሃም አዲሱን ስታዲየም በኤፕሪል 2019 ከከፈተ ጀምሮ ሲቲ እዚያ አምስት ጊዜ ሄዶ አምስቱንም ተሸነፈ፤ ሰባት ጎል ተቆጥሮበት አንድም አላገባም። ከአምስቱ አራቱ የሊግ ጨዋታዎች ነበሩ፤ በእነዚያ የውድድር ዘመናት ደግሞ ሁልጊዜም ሲቲ ከቶተንሃም በብዙ ነጥብ በልጦ ነው የጨረሰው። የአቅም ልዩነት የማይመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ በአጨዋወቱ ውስጥ አለ። የሲቲ ተከላካዮች እስከ መሀል ሜዳ ይወጣሉ፤ ቶተንሃም ሳጥኑን ዘግቶ ይጠብቅና ኳስ ሲቀማ ከተከላካዮቹ ጀርባ ለአጥቂው ሶን ይልክ ነበር። ከሰባቱ ጎሎች አራቱ የሶን ናቸው። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች፣ የአጉዌሮና የጉንዶጋን፣ በቶተንሃሙ ግብ ጠባቂ ሁጎ ሎሪስ ተመልሰዋል። የቶተንሃም አሠልጣኞች ተለዋወጡ፤ ሶን፣ ሃሪ ኬንና ሎሪስ ግን ቆዩ። ሲቲ በጃንዋሪ 2024 በኤፍኤ ዋንጫ፣ አኬ በ88ኛው ደቂቃ ባገባው ጎል፣ እዚያ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ ኬን ወደ ባየርን ሄዷል፣ ሎሪስ ክለቡን ለቋል፣ ሶን ከደቡብ ኮሪያ ጋር በእስያ ዋንጫ ላይ ነበር። ጦስ ቢሆን ኖሮ ከሦስት ሰዎች ጋር አብሮ አይወጣም ነበር።

አጋጣሚ የሚሠራውንም አንርሳ። 20 ክለቦች ባሉበት ሊግ 190 ጥንዶች አሉ፤ ከሁለቱም ወገን ሲታይ 380። ሁሉም ክለብ እኩል ነው ብንልና ከአራት ጨዋታ አንዱ በአቻ ቢያልቅ፣ የአንዱ የመሸነፍ ዕድል በእያንዳንዱ ጨዋታ 37.5 በመቶ ይሆናል። አምስት ጊዜ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድሉ 0.74 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ380 ሲባዛ ግን ወደ ሦስት ይጠጋል። እንግዲህ ምንም ምክንያት በሌለበት፣ በየትኛውም ጊዜ ቢታይ፣ አንድን ቡድን አምስት ጊዜ ማሸነፍ ያቃታቸውና ሽንፈት ብቻ ያገኙ ሦስት ያህል ክለቦች ይጠበቃሉ።

ይህ በተለይ ቤቲንግ ቤት ለሚሰለፉ ወጣቶች መነገር አለበት። «ከነዚህ ጋር ሁሌ ይሸነፋል» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ኦዱን (ቲኬቱ ካሸነፈ የተከፈለው ብር የሚባዛበትን ቁጥር) ያወጣው ድርጅት ይህን ታሪክ ያላየው ይመስለዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1ን ለኦዱ አካፍሎ በ100 ማባዛት። ለምሳሌ ባለሜዳው 2.40፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 2.90 ከተሰጠው 41.7፣ 29.4 እና 34.5 በመቶ ይወጣል። ድምሩ 105.6 ነው፤ ከመቶ በላይ ያለው 5.6 የቤቱ ድርሻ ነው። አምስት ስድስት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ሲደረደር ይህ ድርሻ እየተባዛ ይሄዳል።

ስለዚህ አዘጋጁን የምጠይቀው ይህን ነው። የግንኙነት ታሪክ ስታወጡ አሁን ባሉት ሁለት አሠልጣኞች ዘመን የተደረጉትን ጨዋታዎች ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የሜዳና ከሜዳ ውጪውን አትደባልቁ። በእያንዳንዱ ዓመት የነበራቸውን ነጥብ አጠገቡ ጻፉ። የመጀመሪያው ጎል በስንተኛው ደቂቃ፣ ከምን ዓይነት ኳስ እንደገባ፣ ቀይ ካርድ ካለም በስንተኛው ደቂቃ እንደታየ ጨምሩበት። ማን በጉዳት ወይም በቅጣት እንደማይሰለፍ ከታሪኩ በላይ ይቀመጥ። ሁሉም ከሩብ ገጽ አይበልጥም። አሰላለፉ ጨዋታው ሊጀመር ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቀረው ይወጣልና፣ በድረ ገጻችሁ ላይ ያኔ ብታድሱት ደጋፊው ቴሌቪዥኑ ፊት ሳይቀመጥ በፊት ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአርሴናል ደጋፊ፣ አዲስ አበባ