ኖራው ከዝናቡ በፊት ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በተቃረበ ቁጥር ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ወደብ እንደደረሰ፣ ስንቱ ወደ ዩኒየኖች እንደተጓጓዘ ይነገረናል። ማዳበሪያው የሚያርፍበት አፈር ግን እምብዛም አይነሳም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው። በአዊ፣ በወለጋ፣ በጉራጌና በሲዳማ ደጋዎች በብዙ ማሳ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ወርዷል። በዚህ ጊዜ አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱንና የባቄላውን ሥር ያቀጭጫል፤ ለሰብሉ የሚያስፈልገውን ፎስፈረስም ይዞ ያስቀረዋል። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በመጣው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሰብሉ ሳይደርስበት አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በአዊ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ እህል የነፈገውን ማሳ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ ከሰል ወደማክሰል የዞረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ የግብርና ኖራ፣ ማለትም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም በአገር ውስጥ አለ። ችግሩ ክብደቱ ነው። ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያ ጥቂት ኩንታል ይበቃል፤ ኖራ ግን እንደ አሲዱ መጠን ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይጠይቃል። 30 ኩንታል ቢታዘዝ ለአንዲት ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ብቻ ሰባት ኩንታል ተኩል ነው። ይህን ከወረዳ መጋዘን በአህያ አመላልሱ ማለት ተዉት ከማለት አይለይም። ድጎማው ከመፍጫው እስከ ቀበሌው ባለው ማጓጓዣ ላይ ቢውል ይሻላል። ኖራ አንዴ ከተጨመረ ወደ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የእኩል አራሽ ግን ለከርሞ ማረሱን ላላረጋገጠው መሬት ገንዘቡን አያፈስም።

ሌላው ጊዜው ነው። ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ ከሁለተኛው እርሻ በፊት ተበትኖ፣ በተከታዮቹ እርሻዎች እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ላይ ላዩን የቀረው ሥሩ ያለበትን አፈር አያክምም። ሰኔ ላይ የደረሰውን ኖራ ዝናብ ይመታውና ይጓጉላል፤ እኩል አይበተንም። ከዩሪያ ጋር አብሮ ከተበተነ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ኖራ ያለ ማዳበሪያና ኮምፖስት ብቻውን ሲጨመርም ምርቱ እንደተጠበቀው አይሆንም። «ሞክሬ አላየሁበትም» የሚሉ ገበሬዎች ሲጠየቁ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጥራቱም ይታይ። በጣት ሲታሽ እንደ አሸዋ የሚሻክር ኖራ ለመሥራት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ የማያወጣውን ደግሞ መጋዘን ባያስገቡት ጥሩ ነው።

ስለዚህ በጀቱ ሐምሌ ላይ እንደተለቀቀ ግዥው እስከ ታኅሣሥ ይጠናቀቅ፤ መንገዱ ደረቅ ሳለ ከጥር እስከ መጋቢት ኖራው ቀበሌ ይራገፍ። መጠኑ በአፈር ምርመራ ይወሰን እንጂ ለወረዳው በሙሉ አንድ ቁጥር አይታዘዝ፤ ኖራው ከልክ ሲያልፍ ዚንክና ቦሮን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ እንደልብ አይገኙም። የወረዳ ሪፖርትም የተጓጓዘውን ኩንታል መቁጠሩን ትቶ ከዘር በፊት ኖራ የተደባለቀበትን ሄክታር ይቁጠር።

የአፈር ለምነት ባለሙያ
ከባሕር ዳር