የእንግሊዝኛው ስድብ ምህጻረ ቃል አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ፈክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስድብ «በንጉሥ ፈቃድ የሚፈጸም ዝሙት» ከሚል ሐረግ መነሻ ፊደላት ተሠራ የሚለው ወሬ እንደ ታሪክ ሲጠቀስ ዝም ማለት አይገባም። ጥንዶች ፈቃዱን በራቸው ላይ ይሰቅሉ ነበር መባሉ ተረት ነው። መነሻ ፊደላትን ገጣጥሞ እንደ ተራ ቃል መጥራት የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ቃሉ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ላቲንና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ መነኮሳትን በሚነቅፍ ግጥም ውስጥ በምስጢር ጽሑፍ ተደብቆ ይገኛል። ገጣሚው እያንዳንዱን ፊደል በተከታዩ ተክቶታል፦ ኤፍ ጂ ሆኗል፣ ሲ ዲ ሆኗል። ለመፍታት አንድ ፊደል ወደኋላ መመለስ ነው። በዛሬው 26 ፊደል የሚቆጥር ግን ይስታል፤ ያኔ ዩ እና ቪ አንድ ፊደል ነበሩ፣ ደብልዩም በተራው አይገባም ነበር። ሲፈታ የላቲን መድረሻ የተቀጠለበት ግሥ ይወጣል።

ከላቲኑ «ፉቱኤሬ» መጣ የሚሉም አሉ። ትርጉሙ መመሳሰሉ ያሳስታል፤ ነገር ግን በላቲን ቃል መነሻ ላይ ያለው «ፍ»፣ ቃላቱ ከአንድ ሥር የወጡ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ብ» ነው፤ ሁለቱም «ወንድም» ማለት የሆኑት «ፍራተር» እና «ብራዘር» ምስክር ናቸው። የሚያሳምነው ዝምድና ከጀርመናዊ ቋንቋዎች (እንግሊዝኛ፣ ሆላንድኛና ጀርመንኛ ካሉበት ቤተሰብ) ጋር ያለው ነው፤ በሆላንድኛ «ፎከን» ዛሬም እንስሳ ማራባት ማለት ነው። ሊቃውንት የሚከራከሩት ከዚያ በፊት ስላለው ሥር ነው።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እንኳ ቃሉን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ ተጨማሪ ቅጽ ነው። ተረቱ የበረታው በዚያ ረጅም ዝምታ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር