የዶክትሬት ዕጩዎች ከገበሬው ደጅ የሚወስዱት ቁጥር የት ይገባል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በአገራችን ስለ መስፋፋቱ በጋዜጣችሁ ሲጻፍ አነባለሁ። ጸሐፊዎቹ የአማካሪ እጥረቱን፣ የበጀቱን ማነስ፣ የኅትመቱን ጣጣ ያነሳሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ጉዳዩን የማየው ከሌላው ጫፍ ነው። ሥራዬ በጅማ ዙሪያ ለሚያጠኑ ሰዎች መጠይቅ ማስሞላት ነው። በኢኮኖሚክስ፣ በግብርና ኢኮኖሚክስና በሶሺዮሎጂ ዶክትሬታቸውን የሚሠሩ ዕጩዎች ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ጎማ፣ ማና፣ ቀርሳና ሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች ይመጣሉ። መጠይቃቸውን ለእኛ ለመረጃ ሰብሳቢዎች ያስረክባሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ቁጥር ተሸክመው ይመለሳሉ። የምጽፈው ስለዚያ ቁጥር ነው።

የትኛውም ወረዳ ቢመረጥ የሚጠየቀው ቤተሰብ ብዛት 400 አካባቢ መሆኑ ሲገርመኝ ኖሯል። ምስጢሩ የስታቲስቲክስ ሊቁ የታሮ ያማኔ ቀመር ነው። የቤተሰቡን ቁጥር ይወስድና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን የናሙናውን መጠን ይሰጣል። 20,000 ቤተሰብ ላለበት ወረዳ 392 ይላል፤ 50,000 ላለበት 397፤ አገሪቱን በሙሉ ብታስገቡለት ከ400 አያልፍም። ቀመሩ ሐሰት የለበትም። የተሠራው ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በዕጣ ለሚወጣበት ናሙና ነው፤ ያውም ከመቶው ስንቱ ማዳበሪያ እንደሚጠቀም ለመገመት ለመሰለ ጥያቄ። እኛ የምንሄደው እንዲህ አይደለም። አራት ቀበሌ ይመረጣል፤ ከእያንዳንዱ መቶ መቶ ሰው ይጠየቃል። የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ዝናባቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ፣ ብዙ ጊዜም ቡናቸውን የሚረከባቸው ነጋዴ አንድ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ መቶ ሰው መጠየቅ ከመቶ ቦታ መቶ ሰው የመጠየቅን ያህል አያስተምርም። ይህ ለስታቲስቲክስ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም በየማሟያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ያው ቀመር ተገልብጦ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

የባሰው ችግር ግን ናሙናው አይደለም፤ መለኪያው ነው። ጎማ ውስጥ አንዲት እናት የቡና ማድረቂያ አልጋቸው አጠገብ ቆመው ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ያገላብጣሉ። መጠይቁ «ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል ቡና አገኙ?» ይላል። «አሥራ ሁለት ጆንያ» ብለው መለሱ። የምን ጆንያ? እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው ወይስ የተፈለፈለ? አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት መለቀም አለበት፤ ጀንፈሉም ቢሆን ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ጆንያውም እንደየቤቱ ይለያያል። ጎረቤታቸው ደግሞ የሚቆጥሩት በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። መጠይቁ ላይ ያለው ግን አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ 12 ብሎ ይሞላዋል፤ ሌላው በልቡ አካፍሎ 6 ይለዋል፤ ሦስተኛው መልሶ ይጠይቅና የሴትዮዋን ፀሐይ ያባክናል። ያ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ሎጋሪዝም ይወሰድለታል፣ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና በሚለካው ስሌት፣ በሪግሬሽኑ፣ ሠንጠረዥ ላይ «በአጋጣሚ የመጣ አይደለም» የሚል ምልክት የሆነው ሦስት ኮከብ ተደርድሮለት ይወጣል። ከዚያም የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን የገበሬውን ገቢ በዚህን ያህል በመቶ አሳደገ ይባላል። ዕጩው እኚያን እናት አላያቸውም። አጠገባቸው ቆሞ አንድ ጠዋት ቢያሳልፍ ኖሮ መጠይቁን ማታውኑ ያስተካክለው ነበር።

የእርካታ ጥያቄዎቹማ ሌላ ጉድ ናቸው። «በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከ1 እስከ 5 ይምረጡ።» አባወራው ከልባቸው «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ልጃቸው ታሞባቸው፣ በሬያቸው ሞቶባቸው ይሆናል፤ መልሳቸው ግን ያው ነው፤ ሌላ መልስ ነውር ነው። ይህ ስንት ቁጥር ይሰጠዋል? አብዛኛው መረጃ ሰብሳቢ 4 ይጽፋል። ጅማ ዙሪያ የተሠራ የእርካታ ጥናት አማካዩ 4 አካባቢ ሆኖ ካገኛችሁት አትደነቁ።

ስለ ክፍያችንም ልናገር። የሚከፈለን በመጠይቅ ብዛት ነው። «ባለፉት 12 ወራት ብድር ወስደዋል?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ከማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ የሚሉ ሁለት ገጽ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ «አልወሰድኩም» ከሆነ ወደሚቀጥለው ክፍል ይታለፋል። ቀኑ እየመሸ ሲሄድ በየቀበሌው የተበዳሪው ቁጥር እየቀነሰ የሚመጣው ለዚህ ነው። አሁን ብዙዎቹ በታብሌት ያስሞላሉ፤ ታብሌቱ ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ይመዘግባል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ መጠይቅ በሩብ ሰዓት ማለቁን ለማወቅ ፋይሉን ማታ ማታ መክፈት ይበቃል። የሚከፍተው ጥቂቱ ነው። በዕጩዎቹም አልፈርድም፤ አብዛኞቹ እያስተማሩ የሚማሩ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው፤ የምርምር በጀታቸው ለመኪና ነዳጅ እንኳ አይበቃም።

ታዲያ ለምን አዲስ መረጃ እንዲሰበስቡ ይገደዳሉ? «የራስህን መረጃ ካልሰበሰብህ ምርምር አይባልም» የሚል አማካሪ እንዳለ ከዕጩዎቹ አፍ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ይቸግረኛል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2016 ድረስ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን በየሁለት ዓመቱ ተመላልሶ ጠይቋል። መረጃው ለተመራማሪ በነፃ ይሰጣል፤ ያ ያስቸገረን የአገር ቤት መለኪያ ወደ ኪሎ የሚቀየርበት ሠንጠረዥ ሳይቀር አብሮት አለ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአገራችን 3,000 ልጆችን ተከታትሏል። ከደጃችንም አንርቅ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጥናት በከተማዋና በዙሪያዋ ከ2,000 በላይ ወጣቶችን ከነቤተሰባቸው ደጋግሞ ጠይቋል። ዩኒቨርሲቲው በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘገብበት የምርምር ጣቢያ አቋቁሟል። አንድን ቤተሰብ በተለያየ ዓመት ያየ አጥኚ ማን ከድህነት እንደወጣና ማን እንደገባበት መናገር ይችላል። አንድ ቀን ብቻ ያየው የኛ 400 ይህን አይነግረውም። እንዲህ ያለውን መረጃ መተንተን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከናሙናው የወጡትን፣ አድራሻ የቀየሩትን፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ሌሎችን እንደሚወክል የሚያሳየውን የክብደት ስሌት ማወቅ ይጠይቃል። ዶክትሬት የሚሰጠው ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ይመስለኝ ነበር።

አዲስ መረጃ የግድ የሚያስፈልግበት ጥናት እንዳለ አውቃለሁ። እሱም ቢሆን የአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ገብቶ መቅረት የለበትም። ቀርሳ ውስጥ አንድ አዛውንት ስለ መሬታቸው ስፋት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ባለፈው የመጣውም ይህንኑ ጠይቆኝ ጽፎ ሄዷል፤ እሱን ጠይቁት» አሉኝ። የት አግኝቼው! ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ቁጥሮቹ ግን የሉም። ቀጣዩ ዕጩም መጥቶ ያንኑ ሽማግሌ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል።

ስለዚህ ማንኛውም ዕጩ ከመመረቁ በፊት የመረጃውን ፋይል፣ መጠይቁንና እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰነድ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ያስረክብ። የተጠያቂዎቹ ስም፣ ስልክና የቤታቸው ጂፒኤስ አስቀድሞ ይውጣ። መረጃውን ከራሱ ጽሑፍ በፊት ሌላ እንዳያትምበት የሚሰጋ ዕጩ ካለ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ይቆይለት። ለዚህ አዲስ አዋጅም የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም፤ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች በምረቃ ማጣሪያ ቅጻቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ይበቃል።

አንድ መረጃ ሰብሳቢ
ከጅማ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ደርሷል)