የጓዳው ጋዜጦች እንዳይሸጡ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልዎታለሁ። እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የሚያሳስበኝ የእርስዎ ጉልበት ነው። ሐኪሙ እንዳይንበረከኩ ካዘዘዎት በኋላም ጓሮ ወርደው ሰርዶ ሲነቅሉ እንዳገኘችዎት እማዬ በስልክ ነግራኛለች። በዚያው ንግግራችን በጓዳ የተከመሩትን ጋዜጦች ለባለሱቁ በኪሎ ልትሸጥ፣ የተረፈውንም ኅዳር ሲታጠን ከቆሻሻው ጋር ልታቃጥል እንዳሰበች ሰማሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን በጨረሰ ጊዜ የተጀመረው ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ጋዜጦች ቆሻሻ ስላልሆኑ፣ ለጓሮውም ለጉልበትዎም ስለሚጠቅሙ፣ እስከ ኅዳር 12 ቀን ድረስ ማንም እንዳይነካቸው እለምንዎታለሁ።

ባለፈው ትንሣኤ እንግዶች በተሰበሰቡበት «ይህ ሁሉ ወረቀት የአይጥ መደበቂያ ከመሆን ሌላ ምን ይሠራል?» ብዬ መናገሬን አልረሳሁም። እርስዎ ምንም ሳይመልሱ ሲባጎው የላላውን አንድ እስር አንሥተው፣ ጠርዙን በጉልበትዎ ላይ መታ መታ አድርገው ካስተካከሉ በኋላ፣ እንደገና አጥብቀው አሰሩት። በሰው ፊት ስላሳዘንኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ሥራ እንዳለው መጀመሪያ ያሳዩኝ እርስዎ ነበሩ። በልጅነቴ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እማዬ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ሙጫ ታፈላ ነበር፤ እርስዎም በርጩማ ላይ ቆመው የጭቃውን ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ጀምረው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ያለብሱት ነበር። ስንጥቁ ይደፈናል፣ ብርዱ ይቀንሳል፣ አፈሩም አልጋ ላይ መርገፉን ያቆማል። ትኋን ከሥሩ እንዳይራባ እማዬ አሮጌውን በየዓመቱ ልጣ ታነሣው ነበር። ከራስጌዬ አጠገብ አንድ ገጽ ተገልብጦ ተለጥፎ ነበር፤ ሙጫው ስለ ያዘው ሊያነሡት አልቻሉም። ፊደል የለየሁት አንገቴን ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል አዘቅዝቄ ያንን ገጽ በማየት ነው፤ ራሴን ችዬ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃልም «ማስታወቂያ» የሚል ነበር።

ከሁሉ በፊት ክምሩ መለየት አለበት። አዲስ ዘመን ጠላት ከአዲስ አበባ በወጣበት ዓመት፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረ ጋዜጣ ስለሆነ አሮጌ እትሞቹ ታሪክ ናቸው። የ1966 እና የ1967 ዓ.ም. እትሞች በእርስዎ ዘንድ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነዚያ አይቆረጡም፣ አይነከሩም። የጋዜጣ ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ቢጫ ሆኖ ስለሚሰባበር፣ ሳይታጠፉ በካርቶን ተደርገው ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡልኝ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ያላቸው መጽሔቶችም ለብቻቸው ይሁኑ፤ ወረቀታቸው የተቀባ ስለሆነ ለአፈር አልመርጣቸውም። ለጓሮ የሚሆነው ተራው፣ በጥቁር ቀለም የታተመው የቅርብ ጊዜ ጋዜጣ ነው።

አሁን ወደ ጓሮው ልምጣ። የበቀለ አረም ያለ ብርሃን አያድግም። እርጥብ ጋዜጣ በመደቡ ላይ ተደራርቦ ሲነጠፍ ብርሃኑን ይከለክላል፤ ውኃ ግን ያሳልፋል፣ ከወራት በኋላም በስብሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ይሆናል። የግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ የሚሉት ይህንኑ ነው። ባለፈው ክረምት በተከራየሁት ቤት ጓሮ ስሞክረው ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ደረቁን ስላነጠፍኩት ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ ወስዶ በአጥሩ ላይ ሰቀለው። ቀጥሎ በውኃ አርጥቤ ግን አንድ ሉክ ብቻ ስላነጠፍኩ፣ በሳምንቱ ሙጃው በስቶት ወጣ። በሦስተኛው ስምንት ሉክ ደራርቤ፣ በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬ እያወጣሁ፣ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ግማሽ ስንዝር ያህል እንዲያርፍ አድርጌ አነጠፍኩና በላዩ ጭድ አለበስኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መደብ የነቀልኩት አረም በጣት የሚቆጠር ነው። ትናንት ጭዱን ገለጥ አድርጌ ሳይ ወረቀቱ እንደ ራሰ እንጀራ ለስልሷል፤ አርእስቱ ግን አሁንም ይነበባል፤ ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብና ጥቁር ሆኖ የመሬት ትሎች ይርመሰመሱበታል።

ሰርዶን ወረቀት ብቻውን አያሸንፈውም፤ ከመሬት በታች እየሳበ በጠርዙ በኩል ብቅ ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ የጎረቤት ልጅ ሥሩን ቆፍሮ ይልቀመው፤ ክፍያውን እኔ እልካለሁ፣ እርስዎ ግን እባክዎ አይንበርከኩ። ወረቀቱም ከላይ ተነጥፎ ይቅር እንጂ ከአፈር ጋር አይደባለቅ፤ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ደቂቅ ነፍሳት ናይትሮጅኑን ከጎመኑ ይሻሙታል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። እንደ ምዕራብ ወለጋ ምስጥ በበዛበት አገር ቢኖሩ ኖሮ ይህን ሁሉ አልመክርዎትም ነበር።

እርስዎ ያሉባት ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በዚህ ወቅት የሚያሰጋው ውርጭ ነው። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ አንድ ሉክ ጋዜጣ እንደ ጎጆ አጥፈው በሰላጣው ችግኝ ላይ ቢደፉና ጫፎቹን በድንጋይ ቢይዙ፣ ከመሬት የሚወጣው ሙቀት በቶሎ እንዳያመልጥ ያግዛል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይነሣል። ለጎመን ችግኝም በጣሳ ዙሪያ የጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ ታቹን አጥፎ፣ ጣሳውን ማውጣት ነው፤ አፈር የሚሞላበት ስኒ ይሆናል፣ ችግኙም ሥሩ ሳይነካ ከነወረቀቱ ይተከላል። ሲተከል ከአፈሩ በላይ የሚቀረው ጠርዝ ይቀደድ፤ ካልተቀደደ እንደ ፋኖስ ክር ውኃውን ወደ ላይ እየሳበ ሥሩን ያደርቀዋል።

በቤት ውስጥ ያለውን ጥቅም እማዬ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ መስተዋት መወልወል፣ የራሰ ጫማ ውስጥ ወትፎ ማድረቅ፣ ስኒና ብርጭቆ ለመንገድ መጠቅለል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ነጠላና ጋቢ በጋዜጣ አይጠቅለሉ፤ ቀለሙ ይጋባል። ምግብም፣ በተለይ ቅባት ያለው፣ በጋዜጣ አይያዝ። ለባለሱቁ እንዳይሸጥ የምለምነው አንዱም ለዚህ ነው፤ በሱቁ በርበሬውም ፓስቲውም የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነውና። የማተሚያ ቀለም የሚሠራው ከዘይትና ከኬሚካል ስለሆነ ወደ ምግቡ ያልፋል፤ ሕንድም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኗ ምግብ በጋዜጣ እንዳይጠቀለል ሕዝቡን አሳስቧል። ለጎረቤት ልጆች የሚሰጠው ቆሎም በሳህን ይሁን።

ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ እመጣለሁ። ከአዝመራው ጭድ አንድ ሁለት ጆንያ ያስቀሩልኝ፤ የመጀመሪያውን መደብ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው እየመሩኝ እኔ አነጥፋለሁ። እስሮቹ ሲፈቱ ሲባጎው እንዳይጣል፤ የአፕሉን ችግኞች ከድጋፋቸው ጋር እናስርበታለን።

አክባሪ ልጅዎ